የመጨረሻዋ ግንድ

እንጨት የጫኑት አራት ጋሪዎች ከጡብ እቶኑ በር መቶ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ከኋላቸው ፈረስ እየጋለበ የደረሰ መልእክተኛ ከፊተኛው ጋሪ ነጂ ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠ። ወዲያው በቅሎዎቹ ተጎተቱ፣ መንኮራኩሮቹ ሲጢጥ አሉ፣ አራቱም ጋሪዎች ተራ በተራ ፊታቸውን ወደመጡበት አዞሩ።

የእሳት አለቃዋ ይህን ያየችው ጭሱን ለማንበብ እቶኑ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሳለ ነው። መሰላሉን እንዴት እንደወረደችው ለራሷም አልታወቃት። የቆዳ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ፊቷ ጥላሸት እንደለበሰ፣ መንገዱን ይዛ ሮጠች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትሮጥ አይቻታለሁ የሚል ሠራተኛ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት፤ ታናሽ ወንድሟም፣ እንግዳውም። በዚያ ዘመን ሴት የእሳት አለቃ መሆኗ ያልተለመደ ነበር፤ እሷ ግን ሹመቱን የወረሰችው ከአባቷ ስለሆነ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም።

«ቁም! ቁም እንጂ አንተ!» የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ጨበጠች። «እንጨቴን ይዘህ ወዴት ነው?»

ጋሪ ነጂው አሥራ ስድስት ዓመት ያመላለሰላት ሰው ነው። ቆቡን አወለቀ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። የጌታዬ ትእዛዝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በወረቀት የለም፣ እጅ በእጅ ነው ብለዋል።»

«ምን አጠፋን? ሳንከፍለው የቀረንበት ጊዜ አለ?»

«እናንተማ ምን አጠፋችሁ። ታላቁ ባንክ ነው። ዛሬ ጠዋት የወለዱን ቁጥር ከሦስት ዘጠኝ አደረገው። የጌታዬ ባንክም ከእንግዲህ የማንንም የተስፋ ሰነድ አልቀበልም አላቸው።»

«እቶኑ እኮ እየነደደ ነው! ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው! አሁን እንጨት ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ እትዬ።» ዓይኑን ከበቅሎዋ ጆሮ ላይ አላነሳም። «ስለማውቅ እኮ ነው ቀና ብዬ ላይዎት ያልቻልኩት።»

ልጓሙን ለቀቀችው። ሰውዬውን ብትደበድበው ደስ ባላት ነበር፤ ነገር ግን መመታት ያለበት ሰው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ጡብ እንደ ወጥ አይደለም፣ ቀምሰው ገና ነው ብለው መልሰው አይጥዱትም። የእቶን እሳት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ሳይቋረጥ መንደድ አለበት። በአራተኛው ቀን የጠፋ እንደሆነ ላዩ ቀይ፣ ልቡ ጥሬ የሆነ ነገር ይወጣል፤ እንደገና ቢለኩሱትም ይሰነጠቃል እንጂ አይበስልም፤ ግድግዳ ውስጥ ከገባም በመጀመሪያው ክረምት ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። በዚያን ቀን እቶኑ ውስጥ ስልሳ ሺህ ጡብ ነበር። የሃያ ሁለት ቤተሰብ የአምስት ወር ድካም ነው። ጡቡን ያዘዘው ማን ነው ቢሉ ራሱ ታላቁ ባንክ ነው፣ ለሚያሠራው አዲስ ሕንፃ። ከዚህ የበለጠ ቆሽት የሚያሳርር ነገር ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ። ግቢ ውስጥ የቀረው ፍልጥ ደግሞ እስከ ነገ እኩለ ቀን ቢያደርስ ነው።

ወንድሟ ከከተማ የተመለሰው በእግሩ ነበር። የውል፣ የሰነድና የባንክ ጉዳይ የእሱ ሥራ ነው፤ በሐሩርም ቢሆን ከራሱ በማይለየው ግራጫ ባርኔጣ ምክንያት ሠራተኞቹ ከኋላው «ባርኔጣው» ይሉታል። ያን ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞት ነበር።

«አልሆነም እትዬ። ሦስት ባንክ ገባሁ። አንደኛው ሰነዱን ሳያየው መለሰልኝ። ሁለተኛው ቆመህ ጠብቅ ብሎ በሩን ዘጋ። ሦስተኛው በመቶ አሥራ አራት አስቤ፣ እሱንም የዛሬ ሳምንት አለኝ። ታላቁ ባንክ ለእነሱ በዘጠኝ ካበደረ ለኛ ከዚያ በታች ከየት ያመጣሉ?»

«የታላቁ ባንክ ማኅተም ያለበትን ውል አላሳየሃቸውም?»

«አሳየኋቸው። ‹ክፍያው ጡቡን ስታስረክቡ ነው የሚለው፤ እንግዲያው አስረክቡና ኑ› አሉኝ።»

እትዬ እሳት መቆስቆሻ ብረቷን መሬት ላይ ወረወረችው። «አባባ ምን ነበር የሚለው?»

«እትዬ፣ አሁን እሱን ማንሳት—»

«ምን ነበር የሚለው? ሰዉ ሁሉ ይስማህ!»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ነበር። ወንድሟ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «የመጨረሻዋ ግንድ ግቢ ሳትገባ የመጀመሪያዋን አትለኩስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በአባታቸው ዘመን ለሰባት ቀን የሚበቃው እንጨት በሙሉ ተከምሮ ሳይቆጠር እሳት አይለኮስም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ታላቁ ባንክ ቁጥሩን ሦስት ድረስ ሲያወርደው ግን ገንዘብ እንደ ወንዝ ውሃ ቀለለ። እንጨት ነጋዴው ሰነድ በደስታ ይቀበላል፤ ባንኩም ከነጋዴው እጅ በደስታ ይቀበላል። ያኔ ነው ባርኔጣው «ግቢ ውስጥ የተከመረ እንጨት የታሰረ ገንዘብ ነው» ያለው። የእንጨት መከመሪያው ተነስቶ በቦታው ሁለተኛ ማድረቂያ ዳስ ተሠራ፣ ጡቡ በእጥፍ ጨመረ፣ እንጨቱም ለየቀኑ የሚበቃው ጠዋት ጠዋት በጋሪ ይመጣ ጀመር። እትዬ በመጀመሪያው ዓመት ጮኻ ተቃውማለች። በሁለተኛው ዓመት አጉረመረመች። በሦስተኛው ዓመት ረስታዋለች። አሁን ያንገበገባትም አንዱ ይኸው መርሳቷ ነበር።

«እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ለካ ላንተ ኖሯል!» አለችው።

ወንድሟ ፊቱ ቀላ። «ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ግን እኔ ብቻ ነኝ? ወፍጮ ቤቱ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ግንበኛው ሁሉ እንደኔ አይደለም የሠራው? ገንዘብ ርካሽ ነው፣ ተበደሩ፣ አስፋፉ ብለው በጋዜጣ የለመኑን እነሱ አይደሉም? በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ በይኝ፤ ሣሩን ገደል አፍ ላይ የዘራውንስ ማን ይጠይቀው?»

 እትዬ ሽርጧን ፈታ ለአንዱ ሠራተኛ ሰጠችው። «ጋሪውን አስነሱ» አለች። «እኔ እጠይቀዋለሁ።»

ታላቁ ባንክ ከነባሩ ሕንፃ ጎን አዲሱን እያስገነባ ነው። ግድግዳው ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል። እትዬ ከጋሪው ስትወርድ በየጡቡ ላይ የአባቷን ምልክት፣ የግማሽ ጨረቃውን ቅርጽ አየች። ባለፈው ዓመት ያበሰለችው ነው። ዘበኛው አቅራቢዎች የሚገቡት በጓሮ ነው ሲላት «ጡቤ በፊት ለፊት ገብቶ የለም እንዴ?» ብላው አለፈች።

የብድር ክፍል ሹሙ ደረቱ ላይ የሰዓት ሰንሰለት የተንጠለጠለበት፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ቢያመናጭቃት ይሻላት ነበር፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደዳት።

ነገሯን እስከ መጨረሻ ሰማትና «እመቤት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለ። «አገሩ ከመጠን በላይ ግሏል። በሁለት ዓመት የዳቦ ዋጋ እጥፍ ሆኗል። እርስዎም ያማረሩ ይመስለኛል። ገንዘብ በዛ፣ ዋጋ ነደደ። ማቀዝቀዝ የእኛ ኃላፊነት ነው።»

«አማርሬያለሁ። እውነት ነው፣ አማርሬያለሁ። ግን ልጠይቅዎት፣ እርስዎ የጋለ እቶን አቀዝቅዘው ያውቃሉ?»

«እኔ እንኳ…» ፈገግ አለ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት አቀዝቅዣለሁ። ጡቡ በስሎ፣ ሥራው አልቆ እንኳ የእቶኑን አፍ ባንዴ አልከፍትም። ዛሬ አንዲት ቀዳዳ፣ ነገ አንዲት ቀዳዳ እያልኩ አምስት ቀን እጠብቃለሁ። ባንድ ጠዋት ከከፈትኩት ብርዱ ይገባና ስልሳ ሺውም እየተንጣጣ ይሰነጠቃል። ከሦስት ዘጠኝ! ባንድ ጠዋት! ትናንት ለተቀጠረ አመድ ጠራጊ ብነግረው ይስቅብኛል!»

በአዳራሹ ውስጥ የታይፕራይተሮቹ ኳኳታ ቆመ። ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«ቦርዱ የሚመለከተው አንድ እቶን ሳይሆን አገር ነው፣ እመቤት።»

«እቶኑን፣ ወፍጮውን፣ ጋሪውን አንድ በአንድ ያወጡና አገር የሚሉት ምኑ ይቀራል? ይህ ሕንፃ?» ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «ምጽዋት አልጠየቅሁም። ጡቡ የእናንተ ነው። ከዋጋው ሲሶውን ዛሬ ስጡኝና እንጨት ልግዛበት። በአሥራ አምስት ቀን ስልሳ ሺህ ጡብ በራችሁ ላይ አወርዳለሁ።»

«ደንቡ ክፍያ በርክክብ ነው ይላል። ለእርስዎ ብፈቅድ ነገ መቶ ሰው ይመጣል። ያን ሁሉ ከከፈልን ደግሞ ቁጥሩን ወደ ላይ ማውጣታችን ምን ትርጉም አለው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጊዜያዊ ነው። ዋጋ ሲረጋ ቁጥሩ ይወርዳል። ሁለት ወር፣ ግፋ ቢል ሦስት። ትንሽ ይታገሡ።»

«እኔ እታገሣለሁ» አለች እትዬ። «እሳት ግን አይታገሥም።»

ከጠረጴዛው ላይ እጇን ስታነሳ የአምስት ጣቶቿ ጥላሸት ነጩ ወረቀት ላይ ቀረ። ሹሙ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠራ።

 ግቢው ስትደርስ ከጋሪው ሳትወርድ ሁለቱን ማድረቂያ ዳሶች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ማገሩ ሁሉ ደረቅ እንጨት ነው።

«ዳሶቹን አፍርሱ» አለች።

ወንድሟ ደነገጠ። «እትዬ! ዳስ ከሌለ ነገ ጥሬውን ጡብ የት ልናደርቅ ነው?»

«ነገ የሚባል ነገር ያለው ይሄ ሲበስል ነው። መጥረቢያ አምጡ!»

ሁለቱ ዳሶች እሳቱን አንድ ቀን ተኩል አቆዩት። ከዚያ የግቢው በር ተነቀለ። ከበሩ ቀጥሎ መሰላሎቹ፣ የጭቃ መግፊያ ጋሪዎቹ፣ ጡብ መደርደሪያው ሁሉ ገባ። ማንም ሳያዛቸው ሠራተኞቹ ከየቤታቸው የአልጋ ጣውላ ይዘው ይመጡ ጀመር። አንዲት ጭቃ ረጋጭ የቤቷን መዝጊያ በራሷ ተሸክማ መጥታ እቶኑ አፍ ላይ ጣለችውና «ባሌ ያንኮራፋል፣ ሌባ አይደፍረንም» አለች። ሳቁ እንባ እንባ የሚል ነበር።

ባርኔጣው የመጻፊያ ጠረጴዛውን በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ ባንኮቹ የመለሱለትን የሰነድ እሽግ ከኪሱ አውጥቶ ወረወረው። ቦግ ብሎ ሁሉን አበራ፤ ግን አምስት እስኪቆጠር አልቆየም።

«ወረቀት እንዲህ ነው» አሉ ሽማግሌው አናጢ አባባ ልክ። «ነበልባል እንጂ ፍም የለውም።»

ባርኔጣው ራሱ ሳቀ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ መጥረቢያ ያዘ።

አባባ ልክ የጡብ መምቻ ሳጥኖቹን የጠረቡት ሽማግሌ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ዳቦም ቢሆን በመለኪያ እንጨታቸው ካልለኩ አይቆርሱም ተብሎ ነው። አርባ ስምንት ሳጥን አላቸው። ከአባታቸው ጋር፣ ማለቴ ከእትዬ አባት ጋር፣ በወጣትነታቸው የሠሯቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ወለል ላይ ግማሽ ጨረቃዋን የቀረጿት በገዛ ጩቤያቸው ነው። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጭሱን አንብባ ከግድግዳው ላይ ስትወርድ ፊቷን ያዩት እሳቸው ነበሩ።

«ስንት ሰዓት ቀረው?»

«ሦስት። ጭሱ ገና አልጠራም።» ግቢውን ዞራ አየችው። መሬቱ ተጠርጎ ያደረ ይመስላል። የሚነድ ነገር የለም።

ሽማግሌው ተነስተው ሳጥኖቻቸው ወደተደረደሩበት ሄዱ። «እነዚህ አርባ ዓመት ዘይት ጠጥተዋል። ከሁሉም እነዚህ ይነዳሉ።»

«አይሆንም አባባ! ይህን አልፈቅድም። ያለ ሳጥን ጡብ የለም።»

«ልጄ፣ እጄ ከእንግዲህ ሌላ እንደማይጠርብ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እኔ በሕይወቴ ይቺን ጨረቃ አትሜ ጥሬ ጡብ አላወጣሁም። ባንኩ ስለተቆጣም አላወጣም።» የመጀመሪያውን ሳጥን አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው ሰጧት። «እንኪ። ባንድ ጊዜ አታግቢው፣ ሁለት ሁለት እያደረግሽ።»

እትዬ አለቀሰች። ጭሱ ነው ብላ ለመደበቅም አልሞከረችም። አርባ ስምንቱም ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። የመጨረሻዋ ሳጥን ስትነድ ግማሽ ጨረቃዋ ለጥቂት ጊዜ ቀልታ ታየች፤ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ጭሱ ጠራ።

አምስቱ ቀን አልፎ እቶኑ ሲከፈት የባንኩ ተቆጣጣሪ ሁለት ጡብ አንስቶ እርስ በርሱ አጋጨ። እንደ ደወል ጮኸ። ሌላ ሁለት አጋጨ፣ ሌላ ሁለት። ከስልሳ ሺህ ውስጥ የተሰበረው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። «እንዲህ ያለ ጡብ አይቼ አላውቅም» ብሎ ፈረመ። ባንኩም፣ ሐሰት አይነገርም፣ በርክክቡ ዕለት ሳንቲም ሳያጎድል ከፈለ። ለማስፋፊያ የተወሰደው፣ ወለዱ አሁን በመቶ አሥራ አራት የገባው የቀድሞ ዕዳና የሠራተኛው ደሞዝ ከወጣለት በኋላ የቀረው ገንዘብ አንድ ዳስ የሚያሠራ አልነበረም፤ ጣውላ ሻጩም እጅ በእጅ ብቻ ይል ነበርና። ሠራተኞቹ አንድ ሳምንት ጠበቁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ከዚያ ገሚሱ ድንጋይ ሊፈልጥ፣ ገሚሱ በወደብ ሸክም ሊለምን ተበተነ። አባባ ልክም መለኪያ እንጨታቸውን በብብታቸው ይዘው ሩቅ አገር ወዳለች ልጃቸው ሄዱ።

በአሥረኛው ሳምንት ጋዜጣው የባንኩን ገዥ ንግግር ይዞ ወጣ። ዋጋ ረግቷል፣ ፈተናው አልፏል ይላል። እውነትም ዳቦ ረክሶ ነበር። የሚገዛበትን ሥራ ያጣው ሰው ግን ሲረክስም ሲወደድም ከዳቦ ቤቱ መስኮት ውጭ ሆኖ ነው የሚያየው።

በማግሥቱ አራቱ ጋሪዎች መጡ። የሚያቆማቸው በር ስለሌለ እቶኑ አፍ ድረስ ገቡ።

«እትዬ!» ጋሪ ነጂው ከሩቁ ቆቡን ያውለበልባል። «ቁጥሩ አራት ገባ! በወረቀትም ይሆናል ብለዋል ጌታዬ! የት ላራግፍልዎት?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ወንድሟ በጥርሱ መካከል።

እትዬ ከእቶኑ ጥላ ወጣች። በእቶኑ አፍ ሣር በቅሏል። እንጨቱ ጥሩ ነበር፣ ደረቅና ቀጥ ያለ፤ እጇን ሰድዳ አንዱን ግንድ ዳሰሰችው።

«ጥሩ እንጨት ነው» አለች። «አሁን ይህን የማነድበትን አምጣልኝ። ሁለት ዳስ አምጣልኝ። አርባ ስምንት ሳጥን አምጣልኝ። ሃያ ሁለቱን ቤተሰብ ከየድንጋዩና ከየወደቡ ሰብስብልኝ። አባባ ልክን መልስልኝ። እነሱን አስገብተህ ስትጨርስ እንጨትህን ይዘህ ና።»

ነጂው ቆቡን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ለጌታህ እንዲህ ብላለች በለው። ጌታህም ለባንኩ፣ ባንኩም ለገዥው ያድርስልኝ። ቁጥሩን ያወረዱበት እጅ ይህንንም ይመልስ እንደሆነ ጠይቁልኝ!» ድምፏ እቶኑ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ አስተጋባ።

በቅሎዎቹ ተጎተቱ፤ አራቱ ጋሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። ነጂው መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ድሮ የቆመባት ቦታ ላይ ሲደርስ በቅሎዋን ገታ አድርጎ ወደ ኋላ ተመለከተ። የሚሮጥ ሰው አልነበረም።